ካዝናውን የቆለፈውና ትእዛዙን የጻፈው፦ ዊልያም ግላድስቶንና በውክልና ሥልጣን በሚፈቀድ ወጪ ላይ የፓርላማ ቁጥጥር

ፓርላማ ሕግ ሲያወጣ ሁሉን ነገር ራሱ ወስኖ አይጨርስም። ዋናውን ሐሳብ በአዋጅ ይደነግግና ዝርዝሩ በሚኒስትር ደንብ ወይም በዘውዱ ትእዛዝ እንዲሟላ ውክልና ይሰጣል። ዝርዝር የሚባለው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ገንዘብ ነው። የካሳው ተመን፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ ለዘመቻ የሚከራየው መርከብ ብዛት በአዋጁ ውስጥ አይገኝም፤ በትእዛዙ ውስጥ ነው የሚገኘው። በዚህም የተነሣ ምክር ቤቱ ሥልጣኑን በውክልና ከሰጠ በኋላ በገንዘቡ ላይ ምን ያህል ቁጥጥር ይቀረዋል የሚለው ጥያቄ ከፓርላማዊ አስተዳደር ጋር አብሮ የኖረ ነው። በእንግሊዝ የዚህን ጥያቄ መልስ በሕግና በአሠራር ካቆሙት ሰዎች ዋነኛው ዊልያም ኢዋርት ግላድስቶን ነው። ራሱ ያቆመውን አጥር ራሱ በትእዛዝ የዘለለበት ጊዜም ስለ ነበረ ሕይወቱ ለጉዳዩ ከሁለቱም ወገን ምስክር ይሆናል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ይህ ቁጥጥር ከተፈተነባቸው ወጪዎች አንዱ የመቅደላ ዘመቻ ነበርና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግላድስቶን ዲሴምበር 29 ቀን 1809 በሊቨርፑል ተወለደ። አባቱ ጆን ግላድስቶን ከስኮትላንድ የመጣ ነጋዴ ሲሆን በዴመራራና በጃማይካ የሸንኮራ እርሻዎች፣ በእርሻዎቹም ላይ የሚሠሩ ባሪያዎች ነበሩት። ልጁ በኢተን ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ተምሮ በ1831 በጥንታዊ ቋንቋዎችና በሒሳብ፣ በሁለቱም በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ካህን ለመሆን አስቦ የነበረ ቢሆንም አባቱ ወደ ፖለቲካው መራው። በ1832 መጨረሻ ላይ በ22 ዓመቱ ኒዋርክን ወክሎ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ሆነ። ከ1825 ጀምሮ ለሰባ ዓመታት ያህል በየዕለቱ የያዘው ማስታወሻ የሰዓቱ የሒሳብ መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል፤ ያነበበውን፣ የጻፈውን፣ ያነጋገረውን ሰው በአጭሩ እየመዘገበ ጊዜውን እንደ አደራ ገንዘብ ይቆጣጠር ነበር።

ወጣቱ እንደራሴ በ1833 የገጠመው ትልቅ ጉዳይ ባርነትን ያስቀረው ሕግ ነው። በዚያ ክርክር የአባቱን እርሻ አስተዳደር ደግፎ ተናገረ። ሕጉ ለባሪያ አሳዳሪዎች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ፈቀደ፤ ለማን ስንት ይከፈል የሚለውን ግን ምክር ቤቱ አልወሰነም። ጠቅላላውን ድምር ወስኖ ክፍፍሉን በሕጉ ለተሾሙ ኮሚሽነሮች ተወው። ከዚያ ገንዘብ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚሆነው ከ2,500 በሚበልጡ ሰዎች ልክ ተተምኖ ለጆን ግላድስቶን ደረሰ። ነጻ ለወጡት ሰዎች አንዳች አልተከፈለም። ይህን ምዕራፍ የግላድስቶን አድናቂዎች በጥቂት ቃላት ማለፍ ይወዳሉ። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ምክር ቤት ድምሩን ብቻ አጽድቆ ዝርዝሩን ለሌላ አካል ሲተው ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ የሚያውቀው ከሄደ በኋላ ነው።

በሮበርት ፒል መንግሥት በ1841 የንግድ ቦርድ ምክትል ኃላፊ፣ በ1843 ደግሞ ኃላፊ ሆኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቀረጥ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ሲመረምር የመንግሥትን ገቢና ወጪ ከሥሩ ተማረ። በፒል ዙሪያ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ጄምስ ግራሃም ነበር። ግራሃም የባሕር ኃይል ሚኒስትር በነበረበት በ1832 ባወጣው ሕግ መሠረት ባሕር ኃይሉ ገንዘቡን ምክር ቤቱ በፈቀደለት ርእስ ማዋሉን የሚያሳይ የተመረመረ ሒሳብ በየዓመቱ ማቅረብ ጀመረ። ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ግዴታ ውጭ ቀሩ። ወጪው ደረሰኝ አለው ወይ ብሎ መመርመርና ወጪው ለተፈቀደለት ጉዳይ ውሏል ወይ ብሎ መመርመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግላድስቶን ያየው ከዚህ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሠራውም ሥራ በአመዛኙ የባሕር ኃይሉን ግዴታ ለመንግሥት ሁሉ ማዳረስ ነበር።

በ1852 መጨረሻ በአበርዲን መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። የ1853 በጀቱ ስም አስገኘለት፤ በዚያ በጀት የገቢ ግብር ቀስ በቀስ ቀንሶ በ1860 እንዲቀር ያወጣው ዕቅድ ግን በክሪሚያ ጦርነት ፈረሰ። ብዙም የማይነገርለት የ1854 ሕግ ለኛ ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል። እስከዚያ ድረስ የጉምሩክ፣ የኤክሳይዝና የፖስታ መሥሪያ ቤቶች ከሰበሰቡት ገቢ ላይ የራሳቸውን ወጪ ቀንሰው የተረፈውን ብቻ ወደ ግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ እንደራሴዎቹ ሳያዩት ወጪ ይሆናል። አዲሱ ሕግ ገቢው ሳይቀነስ በሙሉ እንዲገባ፣ ወጪያቸውም እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በምክር ቤቱ እንዲፈቀድ አደረገ። ከሃያ ዓመት በኋላ የራሱን መንግሥት ያናወጠው ቅሌት የተነሣው ይህን መርህ በመጣስ ነው።

ከሥልጣን ውጭ በነበረበት በ1858 የሕንድ አስተዳደር ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወደ ዘውዱ የሚዛወርበት ሕግ በምክር ቤቱ ሲመከርበት ግላድስቶን አንድ አደጋ አየ። በሕንድ ትልቅ ሠራዊት አለ፤ ሠራዊቱም የሚተዳደረው የእንግሊዝ ፓርላማ በማይፈቅደው በሕንድ ገቢ ነው። እንግዲህ አንድ ሚኒስትር በትእዛዝ ብቻ ይህን ሠራዊት ወደ ሌላ አገር አዝምቶ ጦርነት ሊከፍት ይችላል ማለት ነው፤ ምክር ቤቱን አንዲት ሳንቲም ሳይጠይቅ። ከአንድና ሁለት ዓመት በፊት በፋርስ ላይ የተደረገው ዘመቻ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነበር። በግላድስቶን ግፊት በሕጉ ውስጥ የገባው 55ኛው አንቀጽ የመጣ ወረራን ለመመከት ወይም ለድንገተኛና አስቸኳይ ችግር ካልሆነ በስተቀር የሕንድ ገቢ ከሕንድ ወሰን ውጭ ለሚደረግ ዘመቻ ያለ ሁለቱ ምክር ቤቶች ስምምነት እንዳይውል ከለከለ። ስምምነቱ ከወጪው በፊት መሆን አለበት ወይስ በኋላም ይበቃል? አንቀጹ ይህን አይናገርም። ይህቺ ዝምታ ብዙ ክርክር ታመጣለች።

በ1859 በፓልመርስተን መንግሥት ዳግመኛ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ እስከ 1866 ቆየ። በ1860 የወረቀት ቀረጥን ለማስቀረት ያቀረበውን ሕግ የሎርዶች ምክር ቤት በ193 ድምፅ በ104 ጣለው። በቀጣዩ ዓመት ግላድስቶን የዓመቱን የግብር ውሳኔዎች በሙሉ በአንድ ረቂቅ አጠቃሎ አቀረበ። ሎርዶቹ ወይ ሁሉን መቀበል ወይ የአገሪቱን በጀት በሙሉ መጣል ነበረባቸው፤ ተቀበሉት። ያ አሠራር ጸንቶ ቀረ።

የግብሩን ክርክር ያህል ጩኸት ያላስነሣው የ1861 ሌላ ሥራው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ነው። ይህ የእንደራሴዎች ኮሚቴ በአፕሪል 1861 በግላድስቶን አቅራቢነት ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት በምክር ቤቱ ቋሚ ደንብ ውስጥ ገባ። ሥራው ምክር ቤቱ የፈቀደው ገንዘብ እንዴት እንደ ዋለ የሚያሳዩትን ሒሳቦች መመርመር ብቻ ነው። ፖሊሲው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ አይልም። የገንዘብ ሚኒስትር ራሱን የሚጠይቅ ኮሚቴ ማቋቋሙ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግላድስቶን ግን ኮሚቴውን የሚያየው እንደ አጋር ነበር። ጦርና ባሕር ኃይሉ በካቢኔ ውስጥ ሲያሸንፉት፣ በተለይም ፓልመርስተን ለምሽግ ግንባታ ብድር ባስወሰነ ጊዜ፣ ግምጃ ቤቱ ብቻውን ሊከላከል የማይችለውን ገንዘብ ምክር ቤቱ እንዲጠብቅለት ፈለገ።

ኮሚቴ ግን የሚመረምረው ሒሳብ ከሌለው ባዶ ወንበር ነው። ይህን የሞላው በጁን 1866 መጨረሻ፣ መንግሥቱ በምርጫ ሕግ ማሻሻያ ተሸንፎ በሚወርድበት ሳምንት የጸደቀው የግምጃ ቤትና የኦዲት ሕግ ነው። ሕጉ ሁለት የቆዩ ሥራዎችን በአንድ ሰው ላይ አዋለ፤ እርሱም ተቆጣጣሪና ዋና ኦዲተር ተባለ። እንደ ተቆጣጣሪ፣ በእንግሊዝ ባንክ ካለው የመንግሥት ሒሳብ ገንዘብ የሚወጣው ፓርላማ መፍቀዱን እርሱ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። እንደ ኦዲተር፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚያዘጋጀውን ዓመታዊ ሒሳብ መርምሮ ገንዘቡ ለተፈቀደለት ጉዳይ መዋሉን ወይም አለመዋሉን ለእንደራሴዎች ምክር ቤት ያቀርባል። ሚኒስትር ሊሽረው አይችልም፤ የሚሻረው ሁለቱም ምክር ቤቶች ለዘውዱ ሲያመለክቱ ነው። ደመወዙም በየዓመቱ ክርክር የማይነሣበት ቋሚ ወጪ ሆነ። እንደራሴ መሆን አይፈቀድለትም። ይህን ሥልጣን መጀመሪያ የያዘው ዊልያም ደንባር ነው።

የሕጉ ብርታት ከውክልና ሥልጣን አንጻር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንድ ሚኒስትር በሕግ በተሰጠው ሥልጣን ደንብ ሊያወጣ፣ ተቋም ሊያቋቁም፣ ሠራተኛ ሊቀጥር ይችላል፤ ደንቡም ሕጋዊ ይሆናል። ነገር ግን ደንቡ በራሱ ካዝና አይከፍትም። ለማድረግ የሚያስችለው ሥልጣንና ለመክፈል የሚያስችለው ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ሆኑ፤ ሁለተኛውን የሚሰጠው ምክር ቤቱ ብቻ ነው። ድክመቱም እዚያው ነበር። ምርመራው የሚደርሰው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ ኮሚቴው የሚያየው የተሰበረውን እንስራ ነው እንጂ ውሃውን አይመልስም። ሌላም ቀዳዳ ተትቷል፤ ለጦርና ለባሕር ኃይል ምክር ቤቱ በየርእሱ ከፈቀደው ገንዘብ በአንዱ የተረፈውን ወደ ጎደለው እንዲያዛውር ግምጃ ቤቱ በበጀት ሕጉ ውክልና ነበረው። ዝውውሩ ለምክር ቤቱ መቅረብ ያለበት ቢሆንም የሚቀርበው ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት በተጻፈ በዓመቱ የመቅደላ ጉዳይ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላከው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ከ1864 መጀመሪያ ጀምሮ እንዳሰረና ቀጥሎም መልእክተኛውን ራሳምን ከነባልደረቦቹ እንደያዘ የታወቀ ነው። በለንደን የነበረው የደርቢና የዲዝሬሊ መንግሥት ዘመቻውን የወሰነው በኦገስት 1867፣ ፓርላማው ለዕረፍት በተበተነበት ወር ነበር። ትእዛዙ ለቦምቤይ መንግሥት ተላለፈ። መርከብ መከራየት፣ ከግብፅና ከሜዲትራኒያን አገሮች በቅሎ መግዛት፣ ስንቅ ማከማቸት ወዲያው ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች በኦክቶበር ዙላ ላይ ወረዱ። ምክር ቤቱ ለዚሁ ጉዳይ የተጠራው ኖቬምበር 19 ቀን ነው። እንደራሴዎቹ ስለ ወጪው ሲጠየቁ ወጪው አስቀድሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ እየፈሰሰ ነበር።

በዚያን ጊዜ ግላድስቶን የተቃዋሚው ወገን ዋና ተናጋሪ ሆኖ ተቀምጧል። የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስታፎርድ ኖርዝኮት በወጣትነቱ የግላድስቶን ጸሐፊ የነበረ፣ የቁጠባን ትምህርት ከእርሱ የተማረ ሰው ነው። በ55ኛው አንቀጽ መሠረት የሁለቱን ምክር ቤቶች ስምምነት የጠየቀው እርሱ ነበር። ክርክሩም ሕንድ የምትከፍለው ወታደሮቹ በአገራቸው ቢቀመጡም የሚከፈላቸውን መደበኛ ደመወዝ ነው፤ ተጨማሪውን ወጪ እንግሊዝ ትችላለች የሚል ነበር። ሊበራሉ ሄንሪ ፎሴት በሐበሻ ተራራ ላይ ስለ ታሰሩ እንግሊዛውያን የሕንድ ገበሬ ግብር ለምን ይከፍላል በሚል መንፈስ ተቃወመ። የተከተሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ውሳኔው አለፈ። የ1858ቱ አንቀጽ በዚህ ፈተና ግማሽ መንገድ ሄደ ለማለት ይቻላል። ሚኒስትሩ ወደ ምክር ቤቱ እንዲመጣ አስገደደው፤ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት እንዲመጣ ግን አላስገደደውም።

ሁለተኛው ችግር የገንዘቡ መጠን ነው። በኖቬምበር ምክር ቤቱ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ለዚህም በገቢ ግብር ላይ በፓውንድ አንድ ፔኒ ተጨመረ። በአፕሪል 1868 የወጪው ግምት 5 ሚሊዮን ደረሰ፤ ሌላ አንድ ፔኒም ታከለ። ሮበርት ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ 44 ዝሆኖችና እጅግ ብዙ የጭነት ከብት አሰልፎ፣ ከዙላ ወደ ደጋው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ አፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዕለት ራሱን ሠዋ። ጦሩ ተመልሶ ከወጣ በኋላ ሒሳቡ ሲደመር ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። አዛዡ በለንደን፣ ገዢው በቦምቤይ፣ ተዋጊው በኢትዮጵያ በሆነበት ዘመቻ እያንዳንዱ ወጪ ሥልጣን ባለው ሰው የታዘዘ ነበር፤ ድምሩን የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም።

የመጨረሻውን ሒሳብ ለመክፈል የተረፈው ግላድስቶን ነው። በዲሴምበር 1868 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው የመጀመሪያ በጀቱን ያዘጋጀው የመቅደላን ዕዳ ተሸክሞ ነበር። የእንደራሴዎች ምክር ቤት የሐበሻ ጦርነት ወጪ ከግምቱ በላይ ለምን እንዳለፈ የሚመረምር ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ በ1869ና በ1870 ምስክር ሰማ።

የመቅደላ ጉዳይ በዚህም አላበቃም። በጁን 1871 መጨረሻ በምክር ቤቱ የተነሣው ጥያቄ መልኩ የገንዘብ ነበር፤ ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ ዋጋ ለዘማቾቹ እንደ ምርኮ ድርሻ ይከፈል ወይ የሚል። ግላድስቶን በመልሱ እነዚህ ንዋያተ ቅድሳት ከአገራቸው መውጣታቸው እጅግ እንደሚያሳዝነው፣ ለምን እንደ ተወሰዱም እንደማይገባው፣ እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ብቻ ሊያዙ እንደሚገባ ተናገረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፤ ግን አልመለሳቸውም። ዘውዱና ጽዋው እስከ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ።

ይህ ንግግር በተደረገ በሦስት ሳምንቱ ግላድስቶን ከሕይወቱ ሥራ ጋር ለማስታረቅ የሚያስቸግረውን እርምጃ ወሰደ። በእንግሊዝ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። የጦር ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ካርድዌል ይህን ልማድ የሚሽርና ማዕረጋቸውን በገንዘባቸው ለገዙ መኮንኖች ካሳ የሚከፍል ረቂቅ አቅርቦ በእንደራሴዎቹ ምክር ቤት አለፈ። ሎርዶቹ ግን በጁላይ 1871 አዘገዩት። ግላድስቶንና ካርድዌል አንድ የቆየ ሕግ መዘዙ። የ1809 ሕግ የሥልጣን ሽያጭን በጠቅላላው ከልክሎ የጦር ማዕረግን ብቻ፣ ያውም ዘውዱ በትእዛዝ በወሰነው ዋጋ የሚሸጠውን፣ ከክልከላው ውጭ አድርጎት ነበር። የዋጋ ትእዛዙን የማውጣት ውክልና የዘውዱ ከሆነ የመሻሩም የዘውዱ ነው። ጁላይ 20 ቀን ንግሥቲቱ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ትእዛዙ መሻሩን በፊርማዋ እንዳጸናች ለምክር ቤቱ ተነገረ። ዋጋ የሌለው ማዕረግ አይሸጥም፤ የሚሸጥም ቢኖር በሕጉ ወንጀለኛ ነው።

ሎርዶቹ ተናደዱ፤ መንግሥቱን የሚነቅፍ ውሳኔም አሳለፉ። ረቂቁን ግን መጣል አልቻሉም። ሽያጩ በትእዛዝ ቀርቷል፤ ካሳው የሚገኘው በረቂቁ ብቻ ነው። ረቂቁን ቢጥሉ የሚጎዱት የራሳቸው ልጆችና ወንድሞች የሆኑት መኮንኖች ነበሩ። ስለዚህ አጸደቁት፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ የካሳ ግዴታም በመንግሥት ላይ ወደቀ።

ድርጊቱ ሁለት ገጽ አለው። ፎሴትን የመሰሉ የግላድስቶን የራሱ ወገን ሰዎች እንኳ ተከፍተዋል። አንድ ምክር ቤት እንቢ ያለውን ነገር በዘውድ ፊርማ መፈጸም መጥፎ ምሳሌ ነው፤ ነገ ሌላ ሚኒስትር ለሌላ ዓላማ ሊደግመው ይችላል። ከዚህም በላይ ትእዛዙ ምክር ቤቶቹን በፈቃዳቸው ሳይሆን በግዴታ ወጪ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በሌላው ገጽ ደግሞ የ1866ቱ አሠራር መጽናቱ የታየው በዚሁ ጊዜ ነው። ትእዛዙ ሽያጩን ማስቀረት ቻለ፤ ለአንድ መኮንን እንኳ አንድ ፓውንድ መክፈል ግን አልቻለም። ለካሳው መንግሥቱ ወደ ምክር ቤቱ መመለስ ነበረበት። ነቀፋው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ቁጥጥሩ በሠሪው ላይ ሳይቀር ሠርቷል።

በ1873 ያው ቁጥጥር ይበልጥ በመረረ መንገድ ተመልሶ መጣ። በ1868ና በ1869 በወጡት ሕጎች የግል ቴሌግራፍ ኩባንያዎች ተገዝተው ከፌብሩዋሪ 1870 ጀምሮ በፖስታ መሥሪያ ቤት ሥር ሆነዋል። የፖስታ ሚኒስትሩ መስመሮቹን እንዲያስተዳድርና እንዲያስፋፋ በሕግ ሥልጣን ነበረው፤ ሥራውን በእጁ የያዘው ፍራንክ ስኩዳሞር የተባለ ከፍተኛ ሹም ነው። ስኩዳሞር ሌባ አልነበረም። ሥራው ይሮጥለት ዘንድ የተፈቀደለት ገንዘብ ሲያልቅ የፖስታን ገቢና ሕዝቡ በፖስታ ቁጠባ ባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ሳያስገባ በሽቦና በምሰሶ ላይ አዋለው፤ ከ800 ሺህ ፓውንድ በላይ። የቁጠባ ባንኩን በ1861 ያቋቋመው ግላድስቶን ነው፤ ሲያቋቁመው ከረዱት ሰዎች አንዱም ይኸው ስኩዳሞር ነበር። ገቢ ሳይቀነስ ግምጃ ቤት ይግባ ያለውም የ1854ቱ ሕግ የግላድስቶን ነው።

ነገሩን ያወጣው የዋና ኦዲተሩ ምርመራ ሲሆን የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ተከታትሎ ለምክር ቤቱ አቀረበው። ቴሌግራፉን የማስፋፋት ሥልጣን በሕግ መሰጠቱን ማንም አልካደም። ጥያቄው ሥልጣኑ ገንዘብን ይጨምራል ወይ የሚል ነበር፤ የምክር ቤቱም መልስ አይጨምርም የሚል ሆነ። በኦገስት 1873 ሎው ከገንዘብ ሚኒስትርነቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ የፖስታ ሚኒስትሩ ሞንሴል ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ግላድስቶንም ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ጋር የገንዘብ ሚኒስትርነቱን ራሱ ደርቦ ያዘ። ስኩዳሞር በ1875 ከሥራው ወጥቶ የኦቶማን መንግሥትን ፖስታ ለማደራጀት ወደ ቱርክ ሄደ። ይህም ሹመት ለግላድስቶን ሌላ ጣጣ አመጣ። በጊዜው ሕግ ደመወዝ ያለው አዲስ ሹመት የተቀበለ እንደራሴ ወንበሩን ለቅቆ ዳግመኛ መመረጥ ነበረበት። ግላድስቶን የግሪኒችን ወንበር ይልቀቅ አይልቀቅ የሚለው ክርክር ሳይፈታ ወራት ቆየ፤ በጃንዋሪ 1874 ድንገት ፓርላማውን ለመበተን ከገፋፉት ነገሮችም አንዱ እንደ ሆነ ይነገራል። የገቢ ግብርን ጨርሶ አጠፋለሁ ብሎ ለምርጫ ቀርቦ በዲዝሬሊ ተሸነፈ።

በ1878 ዲዝሬሊ ከሩሲያ ጋር በነበረው ፍጥጫ 7 ሺህ ያህል የሕንድ ወታደሮችን ፓርላማው ለፋሲካ ዕረፍት በተለያየበት ሰሞን ወደ ማልታ አስመጣ። የግላድስቶን ወገን የ1858ቱን አንቀጽ አንሥቶ ተከራከረ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1882፣ ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ግብፅን ሲወር የሕንድ ጦር ተጠቀመ፤ ወጪውንም በሕንድ ላይ ለመጣል የምክር ቤቶቹን ስምምነት ጠየቀ። የሕንድ መንግሥት ራሱ ተቃወመ፤ በመጨረሻ እንግሊዝ 500 ሺህ ፓውንድ እንድታዋጣ ተደረገ። በመቅደላ ጊዜ ኖርዝኮት የሄደበትን መንገድ ግላድስቶን በዚህ ጊዜ እግር በእግር ተከተለው።

የቀሩት ዓመታት በአየርላንድ ጥያቄ አለፉ። በ1886 ለሦስተኛ፣ በ1892 ለአራተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ለአየርላንድ የራስ አስተዳደር ለማስገኘት የደከመው ድካም አልተሳካለትም። ከሥልጣን ያወረደው ግን የአየርላንድ ጉዳይ ሳይሆን እንደ ገና የወጪ ጉዳይ ነው። በ1894 መጀመሪያ ካቢኔው ለባሕር ኃይል ከፍተኛ ጭማሪ ሲወስን የ84 ዓመቱ ሽማግሌ ብቻውን ተቃወመ። ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮውም እንደ ቀድሞው አይሰማም። ባልደረቦቹ አልተከተሉትም፤ በማርች ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ጭማሪውም በደንቡ መሠረት ለምክር ቤቱ ቀርቦ ጸደቀ።

ሜይ 19 ቀን 1898 በሃዋርደን ዐረፈ። የእንደራሴዎች ምክር ቤት በማግሥቱ ተሰብስቦ በዌስትሚንስተር በክብር እንዲቀበር ለንግሥቲቱ አመለከተ። በማመልከቻውም ላይ፣ በተለመደው የምክር ቤቱ አሠራር፣ ለቀብሩ የሚወጣውን ገንዘብ ምክር ቤቱ እንደሚተካ ተጽፎ ነበር።